ሚዛኔ 60 ግራም ሲያጎድል ከርሟል፤ ምን ላድርግ?

ባለ ባልትናዋ | ሰኞ ማታ 3፡15

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት አመሻችሁ?

ይሄን የምጽፈው እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ባልትና ቤት አለችኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምጥን፣ ቆሎ፣ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። አሁን ጾም ነውና ከሁሉም የሚሄደው ሽሮ ነው።

ለጥምቀት ሰሞን አሮጌው ሚዛን ተበላሸና በባትሪ የሚሠራ አዲስ ገዛን። አብራኝ የምትሠራው ልጅ የሚመዘነውን ነገር በፕላስቲክ ሳህን አድርጋ ነው ሚዛኑ ላይ የምታስቀምጠው። መጀመሪያ ባዶውን ሳህን አስቀምጦ ዜሮ የሚያደርገውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ይሄን ማንም አላሳያትም። ስለዚህ ሰው በገዛ ቁጥር ሳህኑም አብሮ ይሸጣል። ሳህኑ 60 ግራም ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ ሒሳብ ስንሠራ ሽሮ ተረፈን። በርበሬም ተረፈ። የባልትና ዕቃ ይጎድላል እንጂ አይተርፍም። በማግስቱ ሳህኑን ለብቻው መዘንኩት፤ ገባኝ። አንዲት ቁልፍ የመጫን ነገር ነበር። «የዚህን ወር ኪራይ ልክፈልና» አልኩ። ኪራዩ ተከፈለ። «ቅበላ ይለፍና» አልኩ። ቅበላም አለፈ። ሁዳዴ ገባ። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ። ሳህኑ ግን እዚያው ነው።

ትናንት ምኩራብ፣ የጾሙ ሦስተኛው ሰንበት፣ ነበር። ጌታ ቤተ መቅደስ ገብቶ ሻጮቹን ሲያስወጣ፣ የገንዘብ ለዋጮቹን ገበታ ሲገለብጥ ይነበባል። ቆሜ እየሰማሁ ዐይኔ ላይ የሚመጣው የኔ ሳህን ነበር።

ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። እማማ ነው የምላቸው። ሁልጊዜ ሩብ ኪሎ ሽሮ ነው የሚገዙት። ቅዳሜ የወሰዱትን እንደታሰረ ይዘውት መጥተዋል። ጎረቤታቸው ሚዛን አላት፤ ስትመዝንላቸው 190 ግራም ሆነ። «ልጄ፣ አንቺን ብዬ አይደለም፤ በመንገድ ፈሶብኝ ይሆናል፤ ግን እስቲ እይልኝ» አሉኝ። ፌስታሉ አልተቀደደም። ቋጠሮውም የኛው ቋጠሮ ነው።

ሞላሁላቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃታቸው እስካሁን ያቃጥለኛል።

ሳህኑን ዛሬውኑ አስተካክያለሁ። ያለፈውስ? ባለቤቴ «ያለፈው አልፏል፤ ከነገሩ ጦም እደሩ፤ አሁን ብታወሪ ሱቁን ትዘጊዋለሽ» ይለኛል። እኔ ደግሞ የተረፈውን ገንዘብ አስልቼ ለቤተ ክርስቲያን ስለት ላስገባው አሰብኩ። ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኩም። ምን ትሉኛላችሁ?

---

የሰንበት ተማሪ | ሰኞ ማታ 3፡40

እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ነገ ጠዋት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ መድረክ ላይ መቶ ሰው ቢመክርሽ የሳቸውን አይተካም።

---

ከገበያ የወጣሁ | ሰኞ ማታ 4፡05

እኔ እውነቱን ልናገር። 20 ዓመት ነግጃለሁ። የባለቤትሽ ሐሳብ ትክክል ነው። ሚዛኑን አስተካክለሻል፣ ተጸጽተሻል፣ በቃ። እግዚአብሔር ልብን ያያል።

ገበያው ላይ በርበሬው ውስጥ ምን እንደሚደባለቅ፣ ቅቤው ውስጥ ምን እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። አንቺ ምንም ባዕድ ነገር አልቀላቀልሽም። የቀጠርሽው ሰው አላወቀም፣ አንቺ ትንሽ ዘገየሽ። ሰው መሆን ነው። ይሄን አደባባይ ብታወጪው የሚጎዱት ልጆችሽ ናቸው። ኪራይ የሚጨምርብሽ ሰው «ሐቀኛ ነሽ» ብሎ አይቀንስልሽም።

---

ሒሳብ ሠራተኛ | ሰኞ ማታ 4፡30

እኔ ቁጥር ላይ ልምጣ፣ ሥራዬ ስለሆነ።

እህቴ፣ 60 ግራሙ የሚጎድለው በኪሎ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ምዘና ነው። ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። 5 ኪሎ የገዛ ሰው ከ5000 ግራም 60 ጎደለበት፤ ከመቶ አንድ ትንሽ ብትበልጥ ነው፤ አይሰማውም። ሩብ ኪሎ የገዛ ሰው ግን ከ250 ግራም ነው 60 ያጣው። ከአራት አንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ሩብ ሩብ የሚገዛው ማነው? ደግሶ የሚያበላው አይደለም። እንደ እማማ ያለው ነው፣ የቀን ሠራተኛው ነው። ሳህንሽ ሳታስቢው ከድሃው ብዙ፣ ካለው ጥቂት ሲወስድ ከርሟል። ነቢዩ አሞጽ ምዕራፍ 8 ላይ መስፈሪያ ስለሚያሳንሱ ነጋዴዎች ሲናገር አብሮ የሚያነሣው ድሃውን ነው። ለምን እንደሆነ ለእኔ የገባኝ አሁን፣ ያንቺን ታሪክ ሳነብ ነው።

በቀን ስንት ሰው ይገዛል? የሥራ ቀኑስ ስንት ነው?

---

ባለ ባልትናዋ | ሰኞ ማታ 4፡41

በቀን በአማካይ 80 ጊዜ ያህል እንመዝናለን። እሑድ ዝግ ነን፤ ከጥምቀት ወዲህ ወደ 40 የሥራ ቀን ነው። ይሄን የሩብ ኪሎውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እንባዬ መጣ።

---

ሒሳብ ሠራተኛ | ሰኞ ማታ 4፡58

80 ጊዜ በ60 ግራም በቀን 4.8 ኪሎ ነው። በ40 ቀን 192 ኪሎ። ሽሮውንም በርበሬውንም አማክለን ኪሎውን 300 ብር ብንለው 57,600 ብር ይመጣል።

ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ላይ ባልንጀራውን የበደለ ሰው የወሰደውን ሙሉውን መልሶ አምስተኛውን እጅ ይጨምርበታል ይላል። አምስተኛው 11,520 ነው። ድምሩ 69,120 ብር። ዘኬዎስ ደግሞ ሉቃስ 19 ላይ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ነው ያለው፤ ያ 230,400 ይሆናል። ይሄን ሁሉ ክፈይ ማለቴ አይደለም። ምን ያህል እንደሆነ ሳታውቂ ግን መወሰን አትችይም።

ከገበያ ለወጡት ወንድሜም አንድ ነገር ልበል። ዋጋ ያስከፍላል ያልከው እውነት ነው። እኔ ሁለት ዓይነት መዝገብ ያዝ ተብዬ፣ አንዱን ለባለቤቱ አንዱን ለግብር፣ እምቢ ብዬ ከሥራ ወጥቻለሁ። 15 ከመቶው ቫት ገዢው ለመንግሥት ብሎ በነጋዴው እጅ ያስቀመጠው አደራ ነው እንጂ የነጋዴው ገንዘብ አይደለም። ይሄን ስናገር «ጴንጤ ሆነህ ነው?» ተባልኩ። ኦርቶዶክስ ነኝ። 5 ወር ሥራ ፈትቻለሁ። በአራተኛው ወር ባለቤቴ የጆሮ ጌጧን ሸጠች። ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ አልከፈለም ማለት ነው።

---

ጡረተኛው መምህር | ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሌሊቱን ደጋግሜ አነበብኩት።

ስለ ስለቱ ልናገር። ገንዘቡ ያንቺ አይደለም። ያንቺ ያልሆነውን እንዴት ስለት ታስገቢያለሽ? ማቴዎስ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ነው የሚለው። መባውን አስበልጥና ወንድምህን እርሳው አይልም። ባለቤቱ የሚገኝ ከሆነ ለባለቤቱ ይመለሳል። ባለቤቱ ያልተገኘው ለድሃ ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያን ባንቺ ገንዘብ አትጠፋም፣ ባንቺ ገንዘብም አትድንም።

ሁለተኛ፣ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ያለው ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከፍሎ አይደለም ያስገባው። ጌታ እሱ በወጣበት ዛፍ ሥር ሲያልፍ ስሙን ጠርቶ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» አለው፤ ከዚያ ነው እጁ የተፈታው። አንቺም ምኩራብ ቆመሽ ስትሰሚ ስምሽ ተጠርቷል። ስለዚህ በፍርሃት አትሥሪው።

ሦስተኛ፣ ሰንበቶቹን እዪአቸው። በቅዱስ ያሬድ የጾም ዜማ መጽሐፍ፣ በጾመ ድጓ፣ የዐቢይ ጾም ሳምንታት ስም ስም አላቸው። ምኩራብ አለፈ። ወደፊት ገብር ኄር ይመጣል፤ ጌታው ንብረቱን አደራ የሰጠው የታማኙ አገልጋይ ሰንበት። የሚነበበው መክሊት ነው፤ ገንዘብ ነው፤ ንግድ ነው። ገበያውና ቅዳሴው ሁለት ዓለም ቢሆኑ ኖሮ በጾም መካከል ይሄ ሁሉ የንግድ ነገር ባልተነበበ ነበር።

---

ሾፌሩ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

እኔ ታክሲ ነው የምሠራው፣ በስልክ የሚጠራውን። ያለችኝን ላካፍል። ሒሳቡ 185 ሲመጣ ተሳፋሪው 200 ይሰጠኛል። «ዝርዝር የለኝም» እል ነበር። ዝርዝሩ ግራ ኪሴ ውስጥ ነው። እጄ ኪሴን እየነካ ነው የለኝም የምለው። ብዙው ሰው «ተወው» ብሎ ይወርዳል። በቀን አሥር ጊዜ ማለት ነው።

አንድ ቀን አንድ ሕፃን ከእናቱ ጋር ተሳፍሮ፣ እናቱ ስትወርድ «ማሚ፣ ሲንቀሳቀስ ይሰማል እኮ» አላት። ሳንቲሙን ማለቱ ነው። እናትየዋ አፈረችልኝ። እኔ ያፈርኩት ማታ ነው።

አሁን ዝርዝሩን ከፊት፣ መሪው አጠገብ፣ ሁሉም በሚያየው ክፍት ጣሳ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ኪሴ ቢገባ ራሴን አላምነውም። እህቴም ሳህኑን ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ አድርጊው፤ ዜሮ ማለቱን ገዢው ራሱ ይይ።

---

የሜሪላንዱ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡30

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ሚዛን የለም፤ የሰዓት ካርድ አለ። ዘግይቶ የሚመጣ ያገሬ ልጅ «ካርዴን ምታልኝ» ይልሃል። እምቢ ስትል ወገንህን የካድክ ይመስላል። አብረን እናስቀድሳለን፣ ልጁን አንስቼለታለሁ። ይሄ ነው ከባዱ፤ ጠላትህ ቢሆን እምቢ ማለት ይቀላል። እኔ አሁን የማደርገው ማታ ደውዬ «ጠዋት እቀሰቅስሃለሁ» እለዋለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደውዬ አስነሳዋለሁ። ካርዱን ግን ራሱ ይመታል።

---

ጸጋው በቂ ነው | ማክሰኞ ቀን 7፡10

እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ይፈቀድልኝ።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አስራት በትክክል አውጥተን፣ ከመቶ አሥሩን ቆጥረን ሰጥተን፣ ዘጠናው እንዴት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ይሄ ያንቺ ብቻ ጥያቄ አይደለም፤ የኔም ነው።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ደንበኞችሽ የሰፈር ሰዎች ናቸው አይደል? ያው ሰው ነው ተመላልሶ የሚገዛው። የጎደለው በእያንዳንዱ ምዘና 60 ግራም ነው። አምስተኛው እጅ 12 ግራም ነው። ድምሩ 72። ለምን ለ40 የሥራ ቀን በእያንዳንዱ ምዘና 72 ግራም አትጨምሪም? ሩብ ለጠየቀ 322፣ ግማሽ ለጠየቀ 572፣ ኪሎ ለጠየቀ 1072። በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ብዙ የተጎዳው የሩብ ገዢም እንደጉዳቱ ይካሳል። 69,120 ብሩንም በአንድ ቀን ከኪስሽ አታወጪም።

---

ሒሳብ ሠራተኛ | ማክሰኞ ቀን 7፡25

ወንድሜ፣ ከእኔ የተሻለ ሒሳብ ሠርተሃል። ተባረክ።

---

ከገበያ የወጣሁ | ማክሰኞ ቀን 8፡00

ይሄ የሚያስኬድ ነው። ግን ዝም ብላ ትጨምር፤ ለምን እንደሆነ ለሰው አትናገር። ወረቀት ለጥፋ «አጉድዬ ነበር» ብትል ነገ ደንብ አስከባሪ ይመጣል፣ ጎረቤት ሱቅ ያወራባታል። ቀኝ እጅህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ ተብሎ የለ?

---

ጡረተኛው መምህር | ማክሰኞ ማታ 1፡45

ወንድሜ፣ ያ ቃል ስለ ምጽዋት ነው። ይሄ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ ነው። ዕዳ ተደብቆ ሲከፈል ባለ ዕዳው ቸር ይመስላል። እማማ «ይቺ ልጅ ምን ያለች ደግ ናት» ብለው እንደገና ይመርቋታል። ያቺን ምርቃት አይደል እንዴ መሸከም ያቃታት?

የቅጣቱን ነገር ግን አላቃልለውም። ልጄ፣ እሱን ከባለቤትሽ ጋር ተመካከሪበት። አብሮሽ የሚሸከመው እሱ ነው።

---

የሁለት ልጆች እናት | ማክሰኞ ማታ 2፡30

ስለ ልጅቷ፣ ስለ ሠራተኛሽ ማንም አላነሣም። ነገሩ ከወጣ ሰው «ሠራተኛዋ ናት» ማለቱ አይቀርም። እባክሽ ስሟን ቀድመሽ አንጺላት።

ይሄን የምለው እኔም ስላለብኝ ነው። ቤቴ የምታግዘኝ ልጅ አለች። ደሞዟን ወር በገባ በ10ም በ15ም ቀን ነበር የምሰጣት፤ «የት ትሄዳለች» ብዬ። የሠራተኛ ደሞዝ እንደሚጮህ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 አንብቤያለሁ፤ ግን ስለ ባለ እርሻ ነው የሚመስለኝ የነበረው። እሑድ ጠዋት እኔ ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ እሷ ቁርስ ትሠራለች። እሷም እኮ ክርስቲያን ናት። ትናንት ያንቺን ጽሑፍ አንብቤ ደሞዟን ሰጠኋት፤ ቀኑ ገና ነበር። «ልታስወጪኝ ነው እንዴ?» ብላ ደነገጠች። በጊዜው መስጠት ከሥራ መባረር መስሎ ታያት። እስካሁን ከዚህ ቃል መላቀቅ አልቻልኩም።

---

ባለ ባልትናዋ | ገብር ኄር እሑድ፣ ማታ 1፡30

ወደ ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ። ይቅርታ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ቀኖና ሰጡኝ፤ እሱ በኔና በሳቸው መካከል ይሁን። የ72 ግራሙን ሐሳብ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ጀምሪው» አሉኝ።

ከባለቤቴ ጋር ሦስት ማታ ተነጋገርን። አልተጣላንም፣ አልተስማማንምም። በመጨረሻ ወረቀቱን የጻፈው እሱ ነው፤ ጽሑፉ ከኔ ይሻላል። ቃል በቃል ይኸውና፦ «ከጥምቀት ጀምሮ ሚዛናችን በእያንዳንዱ ግዢ 60 ግራም ሲያጎድል ነበር። ስሕተቱ የሱቁ ባለቤቶች ነው እንጂ የሠራተኛችን አይደለም። ይቅርታ እንጠይቃለን። ለ40 የሥራ ቀን በእያንዳንዱ ግዢ 72 ግራም እንመልሳለን።» ሚዛኑ ጎን ለጠፍነው።

ከመፃጉዕ፣ ከጾሙ አራተኛ ሰንበት፣ ማግስት ሰኞ ጀመርን። ልጅቷ ቁጥሮቹን በቃሏ ያዘቻቸው፤ 322፣ 572፣ 1072። ሳህኑን ባዶውን አስቀምጣ ወደ ገዢው ታዞረውና «ዜሮ ነው፣ ይዩት» ትላለች።

የሆነውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ደንበኞች ቀሩብኝ። አንዲት በብዛት የምትገዛ ሴት ወረቀቱን አንብባ፣ ያዘዘችውን በርበሬ ሳትወስድ ወጣች። አልፈርድባትም። አንድ ሰውዬ ጮኸብኝ፤ ሱቅ የሞላ ሰው ነበር። ጭማሪውን ሊወስዱ የማይፈልጉም አሉ፤ «ተይው፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል። እኔ ግን ዕዳ ነው እያልኩ አስይዛቸዋለሁ። ቁጥጥር የሚባል እስካሁን አልመጣም። ቢመጣ ምን እንደምል አላዘጋጀሁም፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የምለው።

እማማ ሐሙስ መጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ልጅቷ አነበበችላቸው። እኔ በርበሬ ጆንያ እያሰርኩ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር፤ መዞር አቃተኝ። ሰምተው ሲጨርሱ «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ የልጅ ልጄን ደፍታው ነው ብዬ ተቆጥቻት ነበር» አሉኝ። ይሄን አላውቅም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ለሷ ንገሪያት» አሉ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይዘዋት መጡ። 8 ዓመቷ ነው። ነገርኳት። ቆሎ ልሰጣት ስል አያቷን አየቻቸው፤ «ውሰጂ» አሏት።

12 ቀን ሄዷል፤ 28 ይቀረኛል።

አንድ ነገር ግን ያላገኘሁለት መላ አለ። ከሱቄ ፊት ለፊት ሕንፃ ይሠራ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ማታ ማታ እየመጡ፣ ሦስት አራት ሆነው አዋጥተው ሩብ ሽሮና ትንሽ በርበሬ ይገዙ ነበር። የካቲት አጋማሽ ላይ ሥራው አለቀና ተበተኑ። 15 ያህል ይሆናሉ። ፎርማናቸው ገላን ወይ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሌላ ሥራ ጀምረዋል ሲል የሰማ ሰው አለ። መምህር፣ ባለቤቱ ያልተገኘው ለድሃ ይሰጥ ብለውኛል። እኔ ግን ፈልጌ ሳልጨርስ አልተገኙም ማለት ከበደኝ። የነሱን 10 ኪሎ ሽሮና 2 ኪሎ በርበሬ ለይቼ አስቀምጫለሁ። እነዚያን ልጆች የሚያውቅ አለ?

---

ሾፌሩ | እሑድ ማታ 1፡52

ቱሉ ዲምቱ በየቀኑ እሄዳለሁ። የሕንፃውን ቦታና የፎርማኑን መልክ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ረቡዕ ከሰዓት ባዶዬን ነው የምመለሰው፤ ሠራተኞች ከሥራ የሚወጡበት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ሽሮውን ጠዋት መጥቼ እወስዳለሁ። ሒሳብ እንዳታነሺብኝ።

---

የሁለት ልጆች እናት | እሑድ ማታ 2፡10

ዘይትና ሽንኩርት ከኔ ይሁን። ሾፌሩ ወንድሜ፣ ረቡዕ በስንት ሰዓት ነው የምታልፈው?